መጽሐፉ ይቅደም፣ ክሩ ይከተል

(በእጅ ሥራ ወዳጆችና በወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። አንዳንድ ቦታ ቃል ከማስተካከል በቀር እንዳለ አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ?

እናቶች፣ አባቶች፣ አክስቶች፣ መምህራን፣ ክርና መርፌ ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማችኋል? ጥሩ። መርፌያችሁን አታስቀምጡ። እየሠራችሁ አዳምጡኝ። እጅ እየሠራ ጆሮ ሲሰማ፣ ዛሬ ልናገር የመጣሁበት ነገር ያ ነውና ደስ ይለኛል።

ርዕሴ ቀላል ነው። ለልጅ በእጃችን የሠራነውን ሹራብ ስንሰጥ አብረን የተረት መጽሐፍ ስለመስጠት ነው። ብዙዎቻችሁ ታደርጉታላችሁ። ኮፍያና መጽሐፍ። ካልሲና መጽሐፍ። አሻንጉሊትና መጽሐፍ። አንድ ላይ ይጠቀለላል፣ ሪባን ይታሰርበታል፣ ይሰጣል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። ታዲያ ለዓመታት ተሳስቻለሁ። ምን ላይ? ቅደም ተከተሉ ላይ። መጀመሪያ ሹራቡን እሠራለሁ። ከዚያ የሚሄድለት መጽሐፍ እፈልጋለሁ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መጽሐፉ ይቅደም፣ ክሩ ይከተል። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ። እንዳትሰለቹኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሁለቱ ለምን አብረው ይሄዳሉ? ሁለተኛ፣ እንዴት እናዛምዳቸው? እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ስለ ልጆቹ ደህንነትም አጥብቄ የምለው አለኝ። ሦስተኛ፣ እንዴት እንስጣቸው?

ወደ መጀመሪያው ልግባ።

ልጅ ሆኜ እናቴ ማታ ማታ ሹራብ ትሠራ ነበር። እየሠራች ተረት ታወራልናለች። መጽሐፍ አልነበራትም። ሁሉም በቃሏ ነው። «ተረት ተረት» ትላለች። «የላም በረት» እንላለን። መርፌዎቹ ይጀምራሉ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ፍየሏ ልጆቿን ቤት ትታ ስትወጣ፣ ቀጭ ቀጭ። ጅቡ መንገድ ላይ ሲመጣ፣ ቀጭ ቀጭ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን የእናቴ እጅ ቀጥ ይላል። ዝም። ትንፋሻችንን ውጠን እጇን እናያለን። ፊቷን አይደለም፣ እጇን ነው የምናየው። ከዚያ መርፌዎቹ እንደገና ሲንቀሳቀሱ ጅቡ እንደሄደ እናውቃለን። ገና በአፏ አልነገረችንም። እኛ ግን አውቀናል።

ያን ሰሞን የሠራችልኝ ሹራብ ጥቁር ቀይ ነበር። ደረቱ ላይ አንድ ነጭ መስመር ነበረው። ያ መስመር ለእኔ «የጅቡ መስመር» ነው። ያንን መስመር ስትሠራ ነዋ የጅቡን ተረት ያወራችልን! ጨለማ ውስጥ ስተኛ ጣቴን መስመሩ ላይ አሳልፋለሁ። ተረቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመጣልኛል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተበስቶ፣ እጅጌው አጥሮ፣ ለታናሼ ተላልፎ ሄደ። ተረቱን ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልጣልኩም።

ልጅ ታሪክን የሚይዘው በጆሮው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእጁም ይይዘዋል።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቀዋል። ነገር ሲምታታብን ምን እንላለን? «ውሉ ጠፋኝ» እንላለን። ውል የክር ጫፍ ነው፤ ልቃቂት የሚፈታበት ጫፍ። ሴራ ይጎነጎናል። ነገር ይቋጠራል፣ ይፈታል። ጨዋታ ክሩ ይበጠሳል። ክርና ወሬ በአፋችን ላይ ከተጋቡ ቆይተዋል። እኛ ለልጅ ስንሰጥ ለምን እንለያቸዋለን?

ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሕፃናት ሙጭጭ ብለው ስለሚይዟቸው ነገሮች አንስቷል። የብርድ ልብስ ጫፍ፣ ለስላሳ አሻንጉሊት፣ የመሳሰሉት። አይታችሁ የለ? ያ ነገር ካልተገኘ ቤቱ በለቅሶ ይታመሳል። ዊኒኮት እንደሚለው ያ ነገር በእናትና በውጪው ዓለም መካከል ለልጁ ድልድይ ይሆነዋል። እናት ዞር ስትል ይዞት ይጽናናል። አንድ የሚገርም ነገርም አስተውሏል። እናቶች ያ ነገር ቢቆሽሽ፣ ቢሸትም እንኳ ማጠብ ይፈራሉ። ከታጠበ ለልጁ ያው ዕቃ አይሆንለትማ። እኛ የምንሠራው ይህን ነው፣ ወገኖቼ። ልጅ ሙጭጭ የሚልበትን ነገር ነው የምንሠራው። በዚያ ላይ ታሪክ ካለበት ደግሞ ምን ያህል ይጠብቅ!

አንድ ጊዜ ይህን ሐሳብ ሳነሳ አንዲት ሴት ተነስታ፣ «የሚለብሰው ላጣ ልጅ ሹራቡ ይበቃዋል፤ መጽሐፉ ቅንጦት አይሆንም ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ከልብ ነበር። ያን ዕለት በቅጡ አልመለስኩላትም። ዛሬ ብታገኘኝ ስለ ዬላ ሌፕማን እነግራታለሁ። ሌፕማን ጀርመናዊት አይሁድ ጋዜጠኛ ነበረች። በናዚዎች ዘመን ተሰድዳ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ፍርስራሹ ተመለሰች። ልጆቹ ቤትም ምግብም ልብስም አልነበራቸውም። እሷ ግን መጽሐፍም ያስፈልጋቸዋል ብላ ለ20 አገሮች ደብዳቤ ጻፈች። የልጆች መጻሕፍት ላኩልን አለች። መጻሕፍቱ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሙኒክ ላይ በዐውደ ርዕይ ታዩ። በ1949 ከዚያ ሥራ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ተወለደ። ልብሱ ወይስ መጽሐፉ ብላ አልመረጠችም። እኛም አንምረጥ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ማዛመድ።

ያበላሸሁትን ላስቀድም። የእህቴ ልጅ 2 ዓመት ሲሞላው ቢጫ ሹራብ ሠራሁለት። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ልሰጠው ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሮጥ ብዬ መጽሐፍ ገዛሁ። ስለ መርከብ ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ገጹ በጽሑፍ የታጨቀ ነው። ሹራቡን ስናለብሰው አንገቱን እያከከ አለቀሰ። ክሩ ይኮሰኩሳል። መጽሐፉን ሁለት ገጽ ሰምቶ ተነስቶ ሄደ። ምን ሆነ? ሁለት ስጦታ ሰጠሁት እንጂ ጥንድ አልሰጠሁትም። ሹራቡ ስለ መርከቡ አያውቅም። መርከቡም ስለ ሹራቡ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አስቀድማለሁ። ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። አንዴ ለራሴ። እኔን ካልማረከኝ እዚያው እተወዋለሁ፤ ልጆች ያልወደድነውን ታሪክ በድምፃችን ያውቁብናል። ሁለተኛ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ምላሴ ላይ የሚሰናከል መጽሐፍ ለመኝታ ሰዓት አይሆንም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ሥዕሉን ብቻ አያለሁ። ልጁ የሚያነበው እሱን ነውና።

በሦስተኛው ንባብ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እኔ «የታሪኩ እጀታ» እለዋለሁ። ጀበናም ጆግም ሲነሳ በእጀታው ነው። ታሪክም እንደዚያ የሚነሳበት ነገር አለው። ብዙ ጊዜ ዋናው ገጸ ባሕርይ አይደለም። የጠፋ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ለሌላው ያዋሰው ነገር። የሞቀ ነገር። የተደበቀ ነገር። ጥንቸሏ ጓንቷን ጥላ ስትፈልግ የምትውል ከሆነ ጥንቸል አትሥሩ፤ ጓንቱን ሥሩ። ያውም አንዱን ብቻ! ሌላውን ልጁ እስኪያገኘው ቤት ውስጥ ደብቁት። ትንሹ ድብ ብርድ ልብስ ተሸክሞ የሚዞር ከሆነ ብርድ ልብሱን ሥሩ። አያችሁ? መጽሐፉ ይቅደም፣ ክሩ ይከተል። ቤት ያለ ሰማያዊ ክር ማለቅ ስላለበት ብቻ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ፣ እንደዚያ አናድርግ።

ከሥዕሉም አትዛነፉ። ለአንዲት የ4 ዓመት ልጅ ድብ ሠርቼ ከነኮፍያው ሰጠኋት። መጽሐፉን ከፈተች። ኮፍያውን አየች። በጣቷ ቆጠረች። «የእሱ ሦስት መስመር ነው፤ ይኼኛው አራት» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ያን ሥዕል ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ ኮፍያውን ተረተርኩት። ሲተረተር ክሩን እሷ ጠቀለለችልኝ። በማግስቱ በሦስት መስመር ሰጠኋት። ተረትና መተርተር በጆሮ እንዴት እንደሚቀራረቡ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። ያችን ልጅ ሳስብ የማስታውሰው ድቡን አይደለም፤ በትናንሽ እጆቿ ክር ስትጠቀልል ነው።

አሁን ስለ ዕድሜ። ዕድሜን ያልጠየቀ ስጦታ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አራስ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከፊቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ነው። ጥቁርና ነጭን የመሰለ ጎልቶ የሚለይ ነገር ይስበዋል። ስለዚህ ጥቂት ትልልቅ ቅርጾች ያሉት መጽሐፍና ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ሹራብ ጥሩ ጥንድ ነው። «ለአራስ ማንበብ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉኝ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር ወላጆች ከሕፃንነት ጀምረው ጮክ ብለው እንዲያነቡ ይላል። ልኩን በተመለከተ፣ የአራስ ጭንቅላት ዙሪያው ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓመት ሲሞላው ወደ 46 ይደርሳል። ሹራብ ስለሚለጠጥ ኮፍያውን ከጭንቅላቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አጥብባችሁ ሥሩት። እኔ ለአራስ የሚሆን ልብስ መሥራት ትቻለሁ። ሳይጠግቡት ይጠባል። መጽሐፉን ለሚረዳበት ዕድሜ እመርጣለሁ፤ ሹራቡንም በዚያው ዕድሜ ልክ እሠራለሁ። አብረው ይጠብቁታል።

ከ1 እስከ 2 ዓመት ያሉት መጽሐፉንም አሻንጉሊቱንም ያኝካሉ። ገጹ ወፍራም ካርቶን ይሁን። ክሩም ተደጋግሞ የሚታጠብ ይሁን።

3 ዓመት ሲሆናቸው ያንኑ መጽሐፍ «እንደገና፣ እንደገና» ይላሉ። ይሰለቸናል። እውነቱን እንነጋገር፣ ይሰለቻል። ግን ስሙኝ። በሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። የ3 ዓመት ልጆች ናቸው። አንዱ ቡድን ያንኑ ታሪክ ደጋግሞ ሰማ። ሌላው የተለያዩ ታሪኮችን ሰማ። በታሪኮቹ ውስጥ የነበሩት አዳዲስ ቃላት የተነገሩት ለሁለቱም እኩል ጊዜ ነው። ቃላቱን ይበልጥ የያዙት ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ሆኑ። ስለዚህ አሥር መጽሐፍ አትግዙ። አንድ ግዙና የሚያስደጋግም ነገር ሥሩለት። ልጁ አሻንጉሊቱን አንስቶ ሲያመጣላችሁ «አንብቡልኝ» ማለቱ ነው።

4 እና 5 ዓመት ላይ ደግሞ ታሪኩን እነሱ መንገር ይፈልጋሉ። መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረኝ። ተረት ሰዓት ላይ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ስሙን ብትጠሩት ያቀረቅራል። ስለ አንዲት አይጥ የሚያወራ መጽሐፍ ነበረን። አይጧን በግራጫ ክር ሠራሁ። ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ለዚያ ልጅ «ይዘህልኝ ቆይ» ብዬ ሰጠሁት። ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ሳላስተውል መስመር ዘለልኩ። ተነስቶ መጣ። አይጧን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ፣ በሹክሹክታ፣ «በሩን መቼ አንኳኳሁ? ዘለልሽው» አለኝ። አይጧ ናት የተናገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆነ ብዬ እዘላለሁ፤ እሱም ከነአይጡ እየመጣ ያርመኛል። ከጊዜ በኋላ አይጧን ሳይዝ ያርመኝ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ጥናት ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወላጆች ለአንድ ወር ያህል ሲያነቡ ዝም ብለው እንዳያነቡ ተነገራቸው። «ምን እየሆነ ነው?» እያሉ እንዲጠይቁ፣ ልጁን እንዲያስወሩ። የእነዚያ ልጆች ንግግር ከሌሎቹ ቀድሞ ተገኘ። እኔ ግን እላለሁ፣ ልጅ በቀጥታ ሲጠየቅ ሊያፍር ይችላል። አይጧን ጠይቋት! «አንቺ አይጥ፣ ለምን ፈራሽ?» በሏት። ልጁ ይመልስላታል።

ስለ ደህንነት ልናገር። እዚህ ላይ መርፌያችሁን አስቀምጡልኝ፤ ለአፍታ ብቻ።

የአንዲት ወዳጄ ሕፃን ያለ ምክንያት ያለቅስ ጀመር። ጠባች፣ ታቀፈች፣ አልቆመም። በመጨረሻ ካልሲዋን ሲያወልቁ ከውስጥ የተንጠለጠለ አንድ ቀጭን ክር ትንሿ ጣት ላይ ተጠምጥሟል። ጣቷ ቀልታ አብጣለች። በጊዜ ስለተደረሰ ዳነች። ካልሲው በፍቅር የተሠራ ነበር። ውጩ እንከን የለውም። ችግሩ የነበረው በጀርባው ነው። ስለዚህ ለሕፃን የሠራችሁትን ጓንትና ካልሲ ሁሉ ገልብጡት። በሁለት ቀለም ስትሠሩ ከጀርባ የሚንጋደዱትን ክሮች አሳጥራችሁ አጣብቁ። የጫፉን ክር ደህና አድርጋችሁ ስፉት። ጣታችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ። የሚይዛችሁ ነገር ካለ ሕፃኑንም ይይዘዋል።

ዓይን የሚሆን ቁልፍና ዶቃም አለ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትጠቀሙ። አሜሪካ ውስጥ የአሻንጉሊት ክፍሎች የሚለኩበት ትንሽ ቱቦ አለ፤ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ሁሉ ልጅን ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይቆጠራል። የእኛ ቁልፎች ምን ያህል ናቸው? ሁሉም ይገባሉ። ዓይኑን በክር ጥለፉት። ጥልፍ ዓይን እንዲያውም የበለጠ ያያል። አሻንጉሊት ስትሠሩ የክሩ መጠቅለያ ላይ ከተጻፈው የመርፌ ልክ ቀጠን ባለ መርፌ ሥሩ፤ ጠበቅ ይላል፣ በውስጡ ያለው ጥጥ አይወጣም። ኮፍያና አንገት ላይ የሚታሰር ገመድም ይቅር። የአውሮፓ ደረጃ ለትናንሽ ልጆች ልብስ የኮፍያና የአንገት ገመድ ይከለክላል። መወጣጫ ላይ ሲያዝ ይታያችሁ።

አንዱን ደግሞ አትርሱብኝ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ላይ ብርድ ልብስም፣ ለስላሳ አሻንጉሊትም አይኑር፤ ሲተኛም ኮፍያ አይደረግለት። የሠራነው ብርድ ልብስ ሕፃኑ ነቅቶ፣ ሰው እያየው፣ ወለል ላይ ሲነጠፍ የሚያምር ነው። ስትሰጡ ለእናቲቱ ንገሯት። «ትቀየመኛለች» ብላችሁ ዝም አትበሉ።

ስለ ክር አጭር ላድርገው። ሱፍ ይሞቃል፣ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ በሙቅ ውኃ ታሽቶ ከታጠበ ግን ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ልክ ይሆናል። የሱፍ ጸጉር ቅርፊት አለው፤ ሲታሽ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ሱፐርዋሽ የሚባለው ይህ እንዳይሆን የታከመ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ለማጠብ ቀላል ነው፤ እሳት አጠገብ ግን ይቀልጣል። ጥጥ ለአሻንጉሊትና ለሚኮሰኩሳቸው ልጆች ይስማማል። ሞሄር የሚባለው የፍየል ጸጉር ክር ለሕፃን አይሁን፤ ጸጉሩ እየረገፈ አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

ለልጁ ቋንቋ የሚሆን መጽሐፍ ካጣችሁስ? ሥሩታ! አንድ ነጭ ወረቀት ስምንት ቦታ አጣጥፋችሁ መሐሉን አንድ ጊዜ ብትቀዱት ስምንት ገጽ ያላት መጽሐፍ ትወጣለች። ሹራብ የሠራ እጅ ወረቀት ማጠፍ አያቅተውም። ተረቱን ከእናታችሁ አፍ ውሰዱት።

እዚህ ጋ ትንሽ ወጣ ልበል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አንድ የልጅ ካልሲ አለ። የግራ እግር ነው። እ.ኤ.አ. በ300 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ። ግብፅ ውስጥ፣ አንቲኖፖሊስ በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ ከቆሻሻ መጣያ ነው የተገኘው። አውራ ጣቱ ለብቻው ነው፤ በነጠላ ጫማ እንዲለበስ። ዘመኑ የእኛን ሹራብ አያውቅም፤ በአንድ መርፌ ነው የተሠራው። ባለ ብዙ ቀለም መስመር አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች ይፋ እንዳደረጉት ያ ሁሉ ቀለም የመጣው ከሦስት ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ፤ ሠሪው እያዋሃደ ነው ያበዛው። ለአንዲት ትንሽ እግር! ያን ካልሲ በፎቶ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሲሠራ ልጁ አጠገብ ነበር? ምን እየተወራለት ነበር? ካልሲው 1,700 ዓመት ቆየ። ወሬው ግን የትም አልተጻፈም። በእኛ እጅ ያለው ዕድል ይህ ነው። ሁለቱንም ማቆየት እንችላለን።

ሦስተኛው ነጥብ፣ አሰጣጥ።

አንድ ላይ አትጠቅልሏቸው። ልጅ ሁለት ነገር ሲያይ አንዱን ይጥላል። መጽሐፉን ብቻ ስጡት። ቁጭ በሉና አንብቡለት። የሠራችሁት ነገር ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። ጓንቱ ወይም አይጧ ያለችበት ገጽ ላይ ስትደርሱ አውጡት። ቀስ ብላችሁ። ያን ጊዜ የልጁን ዓይን እዩት። ገጹን ያያል። እጃችሁን ያያል። መልሶ ገጹን ያያል። ለዚያች ቅጽበት ነው አምስት ሳምንት የምንሠራው። የመጀመሪያውን ንባብ ለማንም አትስጡ። ሩቅ ከሆናችሁ በስልካችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩ። ገጽ የምትገልጡበት ድምፅ ይግባበት።

በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ የልጁን ስም፣ ቀኑን፣ የክሩን ዓይነትና አስተጣጠቡን ጻፉ። የተረፈውን ክር ትንሽ ጠቅልላችሁ በፖስታ አድርጋችሁ የመጨረሻው ገጽ ላይ ለጥፉት። ሲበሳ ይጠገንበታል። ሹራቡ ጠቦት ለታናሽ ሲያልፍ መጽሐፉም አብሮ ይለፍ። የሁለተኛው ስም ከመጀመሪያው ሥር ይጻፍ።

ስለ ትልልቆቹ ልጆች ሳልናገር ልወርድ ነበር። 7፣ 8 ዓመት ሲሞላቸው አሻንጉሊቱን «የሕፃን ነው» ይላሉ። ያ ቢጫ ሹራብ የሠራሁለት የእህቴ ልጅ ታናሽ እህት አለችው፤ 8 ዓመቷ ነው። ለእሷ ምዕራፍ ምዕራፍ ያለው ረጅም መጽሐፍ ሰጠኋት። ስለ አንድ ውሻና ስለ ጌታው ነው። ከመጽሐፉ ጋር የሰጠኋት ስካርፍ ግን አልተሠራም ነበር። ባዶ መርፌና አሥራ ሁለት ቀለም ክር ነው የሰጠኋት። በየማታው እሷ አንድ ምዕራፍ ታነባለች። እኔ እሠራለሁ። ምዕራፉ ሲያልቅ የዚያን ምዕራፍ ቀለም እሷ ትመርጣለች፤ አንድ መስመር እንሠራለን። አሁን አሁን እሷም ጥቂት ረድፍ ትሠራለች። ውሻው የጠፋበት ምዕራፍ ጥቁር ነው። ዝናቡ ግራጫ ነው። ለአንዱ ምዕራፍ ደግሞ ቢጫ መረጠች። ምንም ደስ የሚል ነገር የለበትም፤ ለምን ስላት፣ «መብራቱን አላጠፉም ነበር» አለችኝ። እኔ ያን መብራት አላስተዋልኩትም።

ባለፈው ሳምንት ስካርፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጣቷን ከመስመር መስመር እያሳለፈች ታሪኩን ለወንድሟ ስትነግረው ሰማኋት። ጥቁሩ ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች። ዝም አለች። ወንድሟም ዝም ብሎ ጣቷን ያያል።

ነገ ማታ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አንድ መስመር ቀርቶናል። ቀለሙን ገና አልመረጠችም። መጀመሪያ ላንብበው ብላኛለች።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።